ከማን ጋር ነው የምትከፍቱት?

ጃንዋሪ ገብቶ የታክስ ወቅት በጀመረ ቁጥር ስልኬ የሚጠራው ለአንድ ጥያቄ ነው፤ «ኤልኤልሲ ላውጣ ወይስ ኢንክ?» ሥራዬ የሰው ሂሳብ መያዝና ታክስ መሥራት ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ሬስቶራንት ያላቸው፣ ግሮሰሪ የከፈቱ፣ ትራክ የሚነዱ፣ አረጋውያን የሚንከባከቡ። ሥራቸው ይለያያል፣ ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው። ደጋግሜ መመለሱ ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለሚደውልልኝ ሰው መጀመሪያ ይህን አንብብ እለዋለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ። በኤልኤልሲና በኢንክ መካከል ተሳስቶ በመምረጡ የተበላሸ ሰው አላየሁም። ያን ዓይነቱን ስህተት አካውንታንትና ጠበቃ ያስተካክሉታል። ቤቱን፣ ቁጠባውንና የልጅነት ጓደኛውን ባንድ ላይ ሲያጣ ያየሁት ያለ ወረቀት ሽርክና የገባ ሰው ነው። ስለዚህ የምዝገባውን ነገር ባጭሩ አልፌ እዚያ ላይ እቆያለሁ።

ብቻችሁን የምትሠሩና ምንም ያላስመዘገባችሁ ከሆነ ሥራው በግል ስማችሁ ነው። ትርፍና ኪሳራውን ስኬጁል ሲ ላይ ሞልታችሁ ከግል ታክሳችሁ ጋር ታስገባላችሁ፤ ዕዳ ከመጣም የሚመጣው በእናንተው ላይ ነው። ኡበር ለሚነዳ ወይም ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ለሚቀርጽ ሰው ከዚህ መጀመር በቂ ነው። ኤልኤልሲ አገር ቤት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለምንለው ቅርብ ነው፤ ድርጅቱ ከእናንተ የተለየ ሕጋዊ ሰውነት ይኖረዋል፣ የድርጅቱ ዕዳ ጠያቂም በመርህ ደረጃ የግል ቤታችሁ ድረስ አይመጣም። ኢንክ አክሲዮን፣ ቦርድና ቃለ ጉባኤ አለው፤ ከብዙ ባለሀብት ገንዘብ ለማሰባሰብ ካላሰባችሁ በቀር ለአንድ ሬስቶራንት ወረቀቱ ይበዛል። ኤስ ኮርፕ የሚባለው ደግሞ ስቴት ላይ የሚመዘገብ የድርጅት ዓይነት አይደለም። ኤልኤልሲውም ሆነ ኢንኩ ፎርም 2553 ሞልቶ ለአይአርኤስ የሚያስገባው የታክስ ምርጫ ነው።

ክፍያው ከስቴት ስቴት ይለያያል። ቨርጂኒያ ኤልኤልሲ ለመመዝገብ 100 ዶላር፣ ከዚያ በየዓመቱ 50 ዶላር ነው፤ ዓመታዊውን ረስታችሁ ወራት ካሳለፋችሁ ድርጅቱ ይሰረዛል። ሜሪላንድም መመዝገቢያው 100 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 15 ሪፖርት ማስገባትና በአብዛኛው 300 ዶላር መክፈል አለ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ አንድ ሳንቲም ባታተርፉም በዓመት 800 ዶላር ትከፍላላችሁ። ቲክቶክ ላይ «ደላዌር ክፈቱ፣ ዋዮሚንግ ክፈቱ» የሚለውን አትስሙ። ሱቃችሁ አሌክሳንድሪያ ከሆነ ደላዌር ብታስመዘግቡትም ቨርጂኒያ ላይ ከሌላ ስቴት እንደመጣ ድርጅት ድጋሚ ትመዘገባላችሁ፤ ትርፉ ለሁለት ስቴት መክፈል ነው። ኢአይኤን የሚባለውን የድርጅት የታክስ ቁጥር ከአይአርኤስ ድረ ገጽ በነጻ ታወጡታላችሁ። ለዚህ ለነጻው ነገር 200 እና 300 ዶላር ከፍሎ የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ያ ገንዘብ የሌሊት ፈረቃ ተሠርቶበታል።

ስለ ኤስ ኮርፕ ሁሉም ሰው ከጓደኛው ሰምቶ ይመጣል። በግል ስም ወይም በተራ ኤልኤልሲ ስትሠሩ ከገቢ ታክሱ ሌላ 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ በትርፋችሁ ላይ አለ። ኤስ ኮርፕ ከሆናችሁ ይህ የሚሰላው ለራሳችሁ በምትከፍሉት ደመወዝ ላይ ብቻ ስለሆነ ቁጠባ አለው። ግን ደመወዙ ለሥራው የሚመጥን መሆን አለበት፣ ፔይሮል መያዝ አለበት፣ ራሱን የቻለ የታክስ ፎርም በየዓመቱ እስከ ማርች 15 መግባት አለበት። ትርፋችሁ ገና ትንሽ ከሆነ ያተረፋችሁት ለወረቀት ሥራው ያልቃል። በተለይ የእኛን ሰው የሚነካ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የኤስ ኮርፕ ባለድርሻ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ የሚኖር ወንድማችሁ ገንዘብ ልኮ ስሙ በባለድርሻነት ከገባ የኤስ ኮርፕነቱ ነገር በዚያው ያበቃል። ተራ ኤልኤልሲ ውስጥ መግባት ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ከትርፍ ድርሻው ላይ ታክስ ቀንሶ ለአይአርኤስ ማስገባት የእናንተ ግዴታ ይሆናል።

ደግሞ ኤልኤልሲ አለኝ ብላችሁ ተማምናችሁ አትተኙ። ትራኩን ራሳችሁ እየነዳችሁ ሰው ብትገጩ ጥፋቱ የራሳችሁ ነው፤ የሚደርስላችሁ ኢንሹራንስ ነው። ከስቴት ስቴት ተራ ጭነት የሚያመላልስ ከባድ ትራክ ቢያንስ የ750,000 ዶላር ሽፋን እንዲኖረው የፌደራሉ ሕግ ያዛል። የሱቅ ሊዝ ስትፈርሙ አከራዩ ከኋላ ፐርሰናል ጋራንቲ የሚል ገጽ አያይዞ ይሰጣችኋል፤ እሱ ላይ ከፈረማችሁ ኤልኤልሲው ቢዘጋም የቀሩት ዓመታት ኪራይ በግል ይከተላችኋል። በኤስቢኤ በኩል ስትበደሩም 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሁሉ በግሉ ይፈርማል። ከሠራተኛ ደመወዝ ቆርጣችሁ ያስቀራችሁትን ታክስ ለኪራይ ካዋላችሁት ደግሞ አይአርኤስ ድርጅቱን አልፎ ቼክ የሚፈርመውን ሰው በስሙ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

አገር ቤት ማኅበር ማቋቋም ሲባል የምናውቀው መመሥረቻ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ውልና ማስረጃ ሄዶ መፈራረም፣ ንግድ ፈቃድ ማውጣት ነው። ወረቀቱ ከሌለ ማኅበሩም የለም ብለን እናስባለን። ይህን ይዞ አሜሪካ የመጣ ሰው «ምንም አልፈረምኩም፣ ስለዚህ ምንም ውስጥ የለሁበትም» ይላል። እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለት ሰዎች ለትርፍ የሚሠራ ሥራ በጋራ ባለቤትነት ከያዙ፣ ሽርክና ለመመሥረት አሰቡም አላሰቡም፣ ሕጉ ሸሪኮች ናቸው ይላል። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ዲሲም ይኸው ነው። ጄኔራል ፓርትነርሺፕ ይባላል። ለመፈጠር ምዝገባ አይጠይቅም፣ ፊርማ አይጠይቅም። ትርፍ መካፈላችሁ ራሱ ይመሰክርባችኋል።

ውጤቱን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ። ሸሪካችሁ በሥራው ስም የተበደረው ብድር፣ ያዘዘው ዕቃ፣ የገባው ውል የእናንተም ነው፤ ያውም እያንዳንዳችሁ ለሙሉው ተጠያቂ ናችሁ። የሥራው ንብረት ዕዳውን ካልሸፈነ 40,000 ዶላር የሚጠይቀው ዕቃ አቅራቢ ግማሹን ከእሱ፣ ግማሹን ከእናንተ የመውሰድ ግዴታ የለበትም። ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ቤት የገዛ፣ ክሬዲቱን ጠብቆ የኖረ ማን ነው ብሎ እሱ ላይ ይመጣል። በሽርክና ውስጥ የተሻለ ኑሮ ያለው ሰው ነው የሌላውን ዕዳ የሚሸከመው።

ውል ከሌለ ትርፉም እኩል ነው። አንዱ 90,000 ዶላር፣ ሌላው 10,000 ዶላር ቢያስገቡም እኩል ነው። አንዷ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ምድጃ ፊት ቆማ ሌላው በሳምንት አንዴ ብቅ ቢልም እኩል ነው። ለለፋው ሸሪክ ደመወዝ ይገባዋል ብሎ ሕጉ አያስብለትም፤ ይገባኛል የሚል አስቀድሞ ያጽፈው።

በቅርብ የማውቀውን አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ሰዎቹ እንዳይታወቁ ከተማውንና የሥራውን ዓይነት እተወዋለሁ። ሁለቱ አብሮ አደጎች ናቸው። የአንደኛው ክሬዲት ጥሩ ስለነበር ኤልኤልሲው በእሱ ስም ብቻ ወጣ፤ «አንተን በኋላ እንጨምርሃለን» ተባባሉ። ሁለተኛው ግማሹን ከእቁብ፣ ግማሹን ቤቱን አስይዞ ከተበደረው አምጥቶ በሁለት ቼክ ሰጠ። የቼኮቹን ኮፒ አይቼዋለሁ። አንደኛው ሜሞው ላይ «ለሥራ» ይላል፤ ሁለተኛው ባዶ ነው። ሦስት ዓመት አብረው ሠሩ። ቅዳሜ ማታ ሂሳብ ዘግተው ካሹን ይካፈሉና የተማሪ ደብተር ላይ በሁለት ዓምድ ይጽፉታል፤ ከላይ የሁለቱም ስም የመጀመሪያ ፊደል አለ፣ በየመስመሩ ጎን ፊርማ አለ።

ሥራው ጥሩ ሲሄድ ገዢ መጣ። ያን ጊዜ ስሙ ወረቀት ላይ ያለው ሰው ጓደኛውን «ያበደርከኝን እመልስልሃለሁ» አለው። ለካ ብድር ኖሯል! ሁለተኛው ሰው ጠበቃ ዘንድ ሲሄድ የተጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ገንዘቡ ብድር ነው፣ ስጦታ ነው ወይስ የባለቤትነት መዋጮ?» የሚል ነበር። ባዶው ሜሞ መልስ የለውም። «ለሥራ» የሚለውም ብድር ሊሆን ይችላል፣ መዋጮም ሊሆን ይችላል። ሽርክናውን በማያሻማ ሁኔታ የሚያሳየው ያ ደብተር ብቻ ነበር። ደብተሩን ዳኛ ፊት ማቅረብ ማለት ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የተካፈሉትን ካሽ ታክስ ላይ እንዳላሳወቁ በራስ እጅ ማቅረብ ነው። መብቱን የሚያስከብርለት ማስረጃ እሱኑ የሚያስከስሰው ሆነ። ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌ የማከብረው ነገር ነው፣ ስንት ትዳርና ስንት ዝምድና አትርፎልናል። ገዢው፣ ባንኩና ስቴቱ ግን የሚያውቁት የተመዘገበውን ስም ብቻ ነው። ሰውየው ካስገባው ባነሰ ገንዘብ ተስማምቶ ወጣ። ቤቱን ያስያዘበትን ብድር እስከ ዛሬ ይከፍላል።

ታክሱንም ቸል አትበሉት። ሽርክና ፎርም 1065 እስከ ማርች 15 ማስገባትና ለእያንዳንዱ ሸሪክ የትርፍ ድርሻውን የሚያሳይ ኬ-1 የሚባል ቅጽ መስጠት አለበት። ካልገባ ቅጣቱ በሸሪክና በወር ይቆጠራል፤ ለ2024 የታክስ ዓመት 245 ዶላር ነበር። በዚያ ሂሳብ ሁለት ሆናችሁ ዓመት ብታዘገዩት 5,880 ዶላር ይደርሳል፣ ይህ ታክሱ ሳይጨመር ነው። ኬ-1 ላይ የተጻፈው ትርፍ ደግሞ እጃችሁ ባይገባም ታክስ ትከፍሉበታላችሁ። ሸሪካችሁ ትርፉን ሁለተኛ ቅርንጫፍ ልክፈትበት ብሎ ቢይዘው፣ ባላያችሁት ገንዘብ ከራሳችሁ ኪስ ትከፍላላችሁ።

«እኛ እንኳ ሁለታችንም ስማችን አለበት፣ ኤልኤልሲ አውጥተናል» የምትሉም አትዝናኑ። ለስቴቱ የምትሞሉት ወረቀት የድርጅቱን ስምና አድራሻ ነው በዋናነት የሚጠይቀው፤ ማን ስንት እንዳስገባ፣ ማን እንደሚወስን፣ ማን እንዴት እንደሚወጣ አይጠይቅም። ያ የሚጻፈው ኦፕሬቲንግ አግሪመንት በሚባለው የኤልኤልሲው መተዳደሪያ ደንብ ላይ ነው፤ ስቴቱ አምጡ ስለማይላችሁ ትተዉታላችሁ። ሃምሳ በሃምሳ ሆናችሁ አንዱ ሊዙን እናድስ፣ ሌላው እንዝጋ ቢል ማን ይወስናል? ደንብ ከሌለ መጨረሻው ፍርድ ቤት ሄዶ ድርጅቱ እንዲፈርስ መጠየቅ ሊሆን ይችላል፤ እስከዚያ ኪራዩ ይቆጥራል። እኛ እኮ ለእድር ደንብ አለን። በወር ጥቂት ዶላር ለሚዋጣበት እድር ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ መርጠን፣ ያረፈደ የሚቀጣውን ሳይቀር ጽፈን፣ በቃለ ጉባኤ እንፈራረማለን። ቤታችንን በዋስትና ላስያዝንበት ሥራ ግን አንዲት ገጽ የለንም።

ለምን ስል መልሱ አንድ ነው፤ «ወንድሜ እኮ ነው፣ ወረቀት ካልኩት አላመንከኝም ይለኛል»። ይሉኝታው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያ ሰው ኤርፖርት የተቀበላችሁ፣ ሶፋው ላይ ያስተኛችሁ፣ የመጀመሪያ ሥራችሁ ድረስ በመኪናው ያመላለሳችሁ ነው። እሱ ፊት ወረቀት ማውጣት ውለታ መካድ ይመስላል። ነገር ግን እሱም ሚስትና ልጆች አሉት። ነገ አንድ ነገር ቢሆን በብዙ ስቴቶች ሕግ ወራሾቹ በድርሻው የትርፍ መብት ይኖራቸዋል፣ በሥራው ላይ ግን ድምፅ አይኖራቸውም። ባሏን ቀብራ የተመለሰች ሴት የልጆቿ ድርሻ ስንት እንደሆነ የምታውቀው ከእናንተ አፍ ብቻ ይሆናል። ወንድማችሁን ከወደዳችሁት ለእሷ ስትሉ ጻፉት።

አገር ቤት ያለውም ቤተሰብ በዚህ ውስጥ አለበት። ሱቁ በተከፈተ ሳምንት ቪዲዮው ቤተሰብ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ እናንተ ባለሀብት ናችሁ። የአጎት ልጅ ሰርግ፣ የእህት ልጅ ትምህርት ቤት፣ የአባት ሕክምና ይመጣል። አንዱ ሸሪክ እናቱ ታማ ከካሽ ሬጅስተሩ 3,000 ዶላር ወስዶ ይልካል። ሌላው በዚህ ሰዓት ምን ይላል? ዝም ይላል። በሚቀጥለው ወር እሱም በተራው ይወስዳል። ማንም አይጽፈውም፣ ሁለቱም ግን በልባቸው ይቆጥሩታል፤ ቆጠራው ደግሞ አይገጥምም። ካየኋቸው ጠቦች ብዙዎቹ የተጀመሩት እዚህ ነው። በዚያ ላይ የድርጅቱን ገንዘብ እንደ ኪሳችሁ ከተጠቀማችሁበት ከሳሽ የሆነ ሰው «ይህ ኤልኤልሲ የስም ነው፣ ገንዘቡና የግላቸው አንድ ነው» ብሎ የግል ንብረታችሁን ለመያዝ መከራከሪያ ያገኛል። ለእናታችሁ ላኩ፤ መላክ ተገቢ ነው። ግን መጀመሪያ በድርሻችሁ ልክ ወጪ አድርጋችሁ ወደ ግል አካውንታችሁ አስገቡት፣ ከዚያ ከግል አካውንታችሁ ላኩት።

ደንቡ ላይ ምን ይግባ ለሚለው፣ የሚያጣላችሁን ነገር ሁሉ ገና ሳትጣሉ ጻፉት ነው የምለው። እያንዳንዱ ስንት አስገባ፣ ያስገባው ብድር ነው ወይስ መዋጮ። ማን ስንት በመቶ አለው። የሚሠራው ሸሪክ ከትርፍ ድርሻው ሌላ ደመወዝ አለው ወይ። አንድ ሰው ብቻውን እስከ ስንት ዶላር መፈረም ይችላል። ትርፍ መቼ ይከፋፈላል፤ ቢያንስ እያንዳንዱ በኬ-1 የሚመጣበትን ታክስ የሚከፍልበት ገንዘብ በየዓመቱ እንዲወጣ አስገቡበት። ካልተስማማችሁ ማን ይዳኛል። መውጣት የፈለገ፣ የታመመ፣ የሞተ፣ የተፋታ እንደሆነ ድርሻው በምን ሂሳብ ይገመታል፣ ገዢው በስንት ጊዜ ከፍሎ ይጨርሳል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰዎች ሲገቡ እንጂ ሲወጡ ዋጋ መተመን አይፈልጉም። ከኢንተርኔት የወረደ ቅጽ ላይ ስም ሞልታችሁ አትፈርሙ። ጠበቃ ይጻፈው፤ እኔ ባየሁት ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወር የሱቅ ኪራይ ያንሳል። ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ጠበቃ ያንብብላችሁ፤ አንዱ ጠበቃ ለሁለታችሁም ወገን ሊቆም አይችልም።

አሁን ያለ ወረቀት እየሠራችሁ ያላችሁ፣ ሥራው ደህና እያለና እናንተም እየተሳሳቃችሁ ሳለ ጀምሩት። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። ቼኮቻችሁን፣ የዜል ዝውውሮችን፣ የእቁብ ወረቀታችሁን፣ «ሥራችን» የተባባላችሁበትን የቴሌግራምና የቫይበር መልእክት ሰብስቡ። ከዚያ ለሸሪካችሁ አጭር መልእክት ጻፉለት፤ በዚህ ወር ይህን ያህል ገንዘብ በባለቤትነት መዋጮ አስገብቻለሁ፣ ትክክል ከሆነ አረጋግጥልኝ በሉት። «አዎ» የምትል አንዲት መልስ ቼኩ ላይ የጎደለውን ሜሞ ትሞላለች። ያልተገለጸ ካሽ ካለ አይአርኤስ ሳይጠይቃችሁ በፊት የታክስ ጠበቃ አማክራችሁ የኋላውን አስተካክሉ፤ ያን ካላደረጋችሁ የራሳችሁን ማስረጃ ልትጠቀሙበት አትችሉም። ስማችሁ በኤልኤልሲው አባልነት እስኪገባና ደንቡ እስኪፈረም ድረስ አንድ ተጨማሪ ዶላር አታስገቡ፣ ለምንም ብድር በዋስትና አትፈርሙ።

ሸሪካችሁ መልስ ካልሰጠ ወይም «ምን አስቸኮለህ» ካለ ያንኑ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ሂዱ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ በቃል ውል ላይ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በአጠቃላይ 3 ዓመት ነው። «ጾሙ ይውጣና»፣ «ልጁ ይዳርና እናነጋግረዋለን» እያላችሁ የምትገፉት ወር ሁሉ ከዚያው ላይ ይቀነሳል።